ግራውንድ ይሰጣቸው ብዬ

ከደሴ መቐለ የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ላለማስቀየም ሲል የማይወደውን ወጥ ሁለት ጊዜ የሚያስጨምር ዓይነት። እኔ ደግሞ ግንፍል ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ አፏ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ነው የተፈጠረው" ትል ነበር። እዚህም አንድ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ስለተቀጠርኩ አፌ ይባሱኑ ሠለጠነ። ትግርኛውን በሁለት ዓመት ለመድኩት፤ ዝምታውን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የምንኖረው ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ በአንድ ግቢ አራት አባወራ ሆነን በቀበሌ ቤት ነበር። ድንጋይ ቤት ነው፤ ክረምት ያፈሳል፣ በጋ ይቀዘቅዛል፣ ግን ግቢው ሰፊ ነው። ከኛ በር ፊት ለፊት ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ባልየውን ኣቦይ፣ አባቴ፣ ሚስትየዋን ኣደይ፣ እናቴ፣ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱም መቐለ አልነበረም።

ኣደይ እኔ ከመምጣቴ ከጥቂት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። አፋቸውም አብሮ ከብዷል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይወስድባቸዋል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አይጀምሩትም። ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ኣቦይ በብብታቸው ይዘው ያስነሷቸዋል፣ አምስት ስድስት እርምጃ ያስኬዷቸውና ወደ ምሥራቅ በሚያየው የግቢው ግንብ ሥር፣ በግ ቆዳ የተነጠፈበት ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል። እስከ አምስት ሰዓት እዚያ ናቸው። በግራ እጃቸው ምስር ይለቅማሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ፣ ልጅ ሲያጠፋ በዐይናቸው ይገሥጻሉ። ዓይደር ሆስፒታል ሲወስዷቸው ሐኪሙም ሙቀት እንዳይለያቸው ብሎ ነበር። መቐለ ነፋሷ ክፉ ነው፤ ደመና የዋለ ቀን የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተጨብጠው አይፈቱም። ፀሐይ የወጣ ቀን ከቀትር በፊት ይፈታሉ። ይህን እኔም በዐይኔ አይቻለሁ።

ከሚሌኒየሙ ማግስት ከግቢያችን አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ኮንዶሚኒየም ሊሠራ ነው ተባለ። ሕንጻው ሲያልቅ የኛ ቤቶች ይፈርሳሉ፣ እኛ ደግሞ ቅድሚያ ተሰጥቶን ወደ ሕንጻው እንገባለን። በወረቀት ላይ ሲታይ ምን ያስከፋል? ሽንት ቤት በየቤቱ፣ የማያፈስ ጣራ። መጀመሪያ ደስ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ እያሰብን መጣን። ውሃ እኛ ጋ መሬት ላይ እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ አራተኛ ፎቅ ማን ገፍቶ ያወጣዋል? ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከላል? ጎረቤታችን ሥዋ ጠምቃ የምትሸጥ ነበረች፣ ጋኖቿን የት እንደምትደረድር ስታስብ እንቅልፍ አጣች። ሌላዋ በርበሬ የማሰጣው መኝታ ቤቴ ነው ወይ ትላለች። ቧንቧ ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። እኔ በአስተማሪ ልማዴ ደብተር አውጥቼ ሁሉንም ጻፍኩት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኣቦይ በራፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር እንዳለ በባርኔጣቸው አወቅሁ፤ አውልቀው ይዘውታል።

"ጓለይ፣ እሷ ደረጃ አትወጣም" አሉኝ በአማርኛ። ከ"ጓለይ"፣ ከ"ልጄ" በቀር ለኔ ሲሉ ሁልጊዜ አማርኛ ነው፤ እኔ በትግርኛ ስመልስላቸው ይስቃሉ። "ቤቱ በዕጣ ነው ይላሉ። ዕጣው ፎቅ ላይ ከወጣ ምን አደርጋለሁ? እኔ ለራሴ ብዬ ተነሥቼ ግራውንድ ስጡኝ አልልም፤ ያሳፍራል። አንቺ ከጻፍሽው ውስጥ አስገቢልኝ።"

"በደንብ አድርጌ ነዋ!" አልኩ። ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ አንደኛ አድርጌ ጻፍኩት፦ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ያለ ዕጣ ግራውንድ ይሰጣቸው።

የመጀመሪያው ስብሰባ በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ መጥቷል። ስብሰባው በትግርኛ ሆኖ ለመሐንዲሱ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ቃለ ጉባኤ ስለተፈለገ እኔን ጠሩኝ። ሲፈልጉኝ መምህርት፣ ሳይፈልጉኝ የደሴዋ ነኝ። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ደብተሬን ከቃለ ጉባኤው ወረቀት ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። መሐንዲሱ ፕላኑን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ሦስት ሣጥን አሳየን፤ ብሎክ አንድ፣ ብሎክ ሁለት፣ ብሎክ ሦስት። በመካከላቸው ዛፍ ናቸው የተባሉ ትንንሽ ክብ ነገሮች አሉ። ገለጻው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። "የእናንተ ሐሳብ ለኛ ግብዓት ነው" ሲል ሦስት ጊዜ ሰማሁት፤ ግብዓት የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ።

ገለጻው እንዳለቀ መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ። ሰብሳቢው ከክፍለ ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ አነጋገረውና ወደ እኛ ዞሮ፣ እንግዳችን አውሮፕላን ስላለባቸው ሳይሄዱ ኣቦይ ይመርቁልን፣ ከዚያ ጥያቄያችሁን እንቀጥላለን አለ።

ከዚያ እንቀጥላለን! መቐለ ውስጥ ከምርቃት በኋላ የሚቀጥል ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ምርቃት ማለት ነገሩ ተዘጋ፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይሂድ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ሰው የተባለውን መልካም ነገር እንዳፈረሰ ይቆጠራል። ሰብሳቢው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው አልልም፤ የዚሁ አገር ሰው ነው። ኣቦይም ያውቃሉ። ግን በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው፣ እንግዳ ፊት መርቁ ተብለው እንዴት እንቢ ይበሉ? ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሁላችንም ቆምን። መሬቱን መረቁ፣ ግንበኛውን መረቁ፣ የመሐንዲሱን አውሮፕላን ሳይቀር በሰላም ያግባው አሉ። ኣሜን አልን። ሴቱ ነጠላውን አስተካከለ፣ ወንዱ ዱላውን አነሣ፣ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ደብተሬ ከወረቀቱ ሥር እንደተከደነ ነው።

ሰብሳቢው ወደ ጠረጴዛዬ መጣና "ከተሳታፊዎች ተቃውሞ አልተነሣም ብለሽ ዝጊው" አለኝ።

"ጥያቄም እኮ አልተጠየቀም።"

"ተነሥቷል እንዴ ተቃውሞ?"

"አልተነሣም።"

"እኮ! እሱኑ ጻፊ።"

ጻፍኩት። ውሸት አልነበረም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ወደ ሰፈር ስንመለስ መንገዱ ሙሉ ጥያቄ ሆነ። አንዷ ውሃውን፣ አንዱ ድንኳኑን እያነሡ እስከ ግቢያችን በር ድረስ ተንጫጩ። ለምን እዚያ አላላችሁም ስላቸው "ምን ነካሽ ሓፍተይ፣ ኣቦይ መርቀው?" አሉኝ። ኣቦይ ከፊት ከፊት ብቻቸውን ይሄዳሉ። ዞር ብለው አላዩኝም። ማታ ባለቤቴ ላይ ጮህኩበት፤ እሱ ምን አደረገ? ቅርብ ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ የተጠራው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሁለቱ ብሎኮች ጣራ ከለበሱ በኋላ ነው። ሦስተኛው ገና መሠረቱ እንኳ አልተቆፈረም። የስብሰባው ጉዳይ የዕጣው አወጣጥ ነበር። ሰብሳቢው ያው ሰውዬ ነው። ሁሉም ፎቅ በዕጣ ነው፣ አድልዎ የለም፣ ከግራውንድ እስከ አራተኛ ሁሉም እኩል ነው አለ። ለአቅመ ደካሞች የወጣ መመሪያ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያየው ሰው ግን አላገኘሁም። ሁለት ሰው ስለ ውሃ ጠየቀ፣ ፓምፕ ይገጠማል ተባለ። እኔ እጄን አውጥቼ ቆየሁ። አየኝ፣ አለፈኝ። ከዚያ "ጊዜያችን ስላለቀ ኣቦይ ይመርቁልን" አለ።

ኣቦይ ተነሡ። ልክ እንደ ባለፈው መረቁ። ኣሜን ተባለ። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ወደ በሩ ሲዞር ሰማሁና ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

"አልጨረስንም! ቁጭ በሉ!"

አርባ አምስት ተማሪ ዝም የማሰኝበት ድምፄ ነው። የሚገርመው ተቀመጡ። ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ባለቤቴ፣ ሰብሳቢው ራሱ ሳይቀር ተቀመጠ። የቆምነው እኔና ኣቦይ ብቻ ነን። ደብተሬን አውጥቼ በቀይ የተጻፈውን በትግርኛ አነበብኩ። በግቢያችን ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝ እናት አሉ፣ ዕጣው አራተኛ ላይ ቢጥላቸው ማን ተሸክሞ ያወርዳቸዋል፣ እርስዎ ይመጣሉ ወይ አልኩት።

ሰብሳቢው ፊቱ ቀልቶ ወደ ኣቦይ ዞረ። "ኣቦይ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔ መርቄያለሁ" አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

የምገባበት ጠፋኝ። ደግነቱ ከኋላ ባሏ እግሩን ያጣ ሴትዮ ተነሥታ "እኛም ጋ አለ" አለች። ከዚያ አንዲት ዓይነ ሥውር እናት ያላት ሴት፣ ከዚያ ሌላ። ምርቃቱ አንዴ ተሰብሯልና ሁሉም ተነፈሰ። መጨረሻ ላይ ለአምስት ቤት ያለ ዕጣ ግራውንድ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውን ራሴ በእጄ ጻፍኩት። እንደዚያ ቀን በጽሕፈቴ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ኣቦይ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፉኝ። ከመይ ሓዲርኩም ስላቸው "ይመስገን" ብለው ያልፋሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ለባለቤቴ "ሰው ፊት ምርቃቴን ሰበረችው፤ የፈለግሁትን አገኘች፣ ግን ሰበረችው" ብለውታል። እሱ ያንን ሰምቶ መጣና ይቅርታ በያቸው አለኝ። ለምኑ? ብዬ ተቆጣሁ። እውነቱን ለመናገር ለምኑ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ገባን። እነሱ ብሎክ ሁለት ግራውንድ፣ እኛ እዚያው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ፓምፑ ለሁለት ሳምንት ሠርቶ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ከግራውንድ ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳን ስምንት መታጠፊያ ደረጃ መሸከም ሆነ። ግን ጠዋት ስወርድ ኣደይ ከደጃቸው፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ወንበራቸው ተደርጎ ፀሐይ ሲሞቁ አያለሁ። ኣቦይ ባያናግሩኝም ኣደይ ግራ እጃቸውን ያነሡልኛል። ይኸው በኔ አፍ የመጣ ነው እያልኩ ሁለት ጀሪካኔን ይዤ እወጣለሁ፤ ክብደቱ እንኳ አይታወቀኝም ነበር።

ወደ ዓመቱ ገደማ የብሎክ ሦስት መሠረት ተቆፈረ። ከኛ ብሎክ በስተምሥራቅ፣ ልክ ከነኣደይ ደጅ ፊት ለፊት ነው። አንደኛው ፎቅ ሲወጣ ፀሐይዋ ከሁለት ሰዓት ወደ ሦስት ሄደች። ሁለተኛው ሲወጣ ወደ አራት። አራተኛው ፎቅ ከነጣራው ሲቆም ረፋዱ በሙሉ ጥላ ሆነ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የራሳችን ሕንጻ ይጋርዳታል። እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። በሁለቱ ሕንጻ መካከል ያለው ነፋስ ደግሞ ልብስ ከገመድ ላይ ይነጥቃል። ያ ሣጥን ፕላኑ ላይ ነበር። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሁሉም ሰው ይልቅ ለኔ ነበር ቅርብ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አፍጥጬ አይቼዋለሁ። ስለ እግራቸው እንጂ ስለ ፀሐይዋ አላሰብኩም። እኔ ብቻ ሳልሆን ማናችንም አላሰብንም፤ ግን የጮህኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ ኣደይ ወደ ደጅ መውጣት ተዉ። እጃቸው ቀኑን ሙሉ እንደተጨበጠ ነው። በኔ በረንዳ ላይ ግን ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ነው፤ ብሎክ ሦስት የቆመው ዝቅ ባለ መሬት ላይ ስለሆነ ጣራው ከኛ ወለል ብዙም አይበልጥም፣ አይጋርደንም። ልብስ ሳሰጣ ጀርባዬን ሲያቃጥለኝ አፍራለሁ። ቤት እንቀያየር ማለት ነበረብኝ አይደል? አላልኩም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፦ ግራውንድ ውሃ አለ፣ አራተኛ የለም። ሰፈሩም "ያን ሁሉ የጮኸችው ለካ ለራሷ ነው፣ ሽማግሌዎቹን ሰቅላ እሷ ልትወርድ" እንዳይል ፈራሁ። ያቺ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስቀመጠች ሴት በወሬ ፈርታ ሦስት ወር ሙሉ ዝም አለች።

የካቲት ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ በሩ ተንኳኳ። ኣቦይ ናቸው። ስምንቱን መታጠፊያ ወጥተው ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ግቡ ስላቸው አልተቀመጡም፤ በቀጥታ ወደ በረንዳው አለፉ። እዚያ ያለውን የብረት ወንበር በመዳፋቸው ነኩት፣ ሞቋል።

"ጓለይ" አሉኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል ይህን ከአፋቸው ከሰማሁ። "ቤት እንቀያየር።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ በልቅሶዬ መካከል እንደ ልማዴ መከራከር ጀመርኩ። "ኣቦይ፣ ውሃ የለም እኮ!"

"ውሃ ልጆች ያወጡልናል።"

"ኣደይ አንዴ እዚህ ከወጡ አይወርዱም። ለቤተ ክርስቲያን አይወርዱም፣ ለልቅሶ አይወርዱም።"

"ዐውቃለሁ።"

ባለቤቴ ከሳሎን ሆኖ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ እንጠይቅ፣ ማመልከቻ እንጻፍ አለ። ኮሚቴ ሲል አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ሁለት ስብሰባ፣ ስንት ገጽ ቃለ ጉባኤ፣ በቀይ የተጻፈ አንደኛ ጥያቄ፤ እኔ፣ ኣቦይ፣ ሰብሳቢው፣ ሁላችንም ስለ ኣደይ ተናግረናል።

"ኣደይንስ ማን ጠየቃቸው?" አልኩ።

ኣቦይ አዩኝ።

ሦስታችንም ወረድን። ቤቱ ውስጥ ከውጪ ይልቅ ይበርዳል። ኣደይ አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም በትግርኛ ነገርኳቸው። ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ውሃ እንደሌለ፣ ከወጡ በኋላ በራሳቸው እንደማይወርዱ፣ ፀሐይዋ ግን ከማለዳ ጀምሮ እንዳለች። ምንም አልደበቅኩም። ከዚያ የትኛውን ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅኋቸውና ዝም አልኩ። ዐረፍተ ነገራቸው እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ያልኩበት ጊዜ የለም።

አፋቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ኣቦይ ሊያግዟቸው ሲሉ ኣደይ በግራ እጃቸው አስቆሟቸው።

"ታሕቲ" አሉ፣ ታች ማለታቸው ነው። ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። "ታሕቲ… መን በለ?"

ታች ይሁን ያለው ማነው? ኣደይ ተቆጥተው ነበር፤ በሽታው ከያዛቸው ጀምሮ እንደዚያ ተቆጥተው አይቼ አላውቅም። ኣቦይ ጎንበስ ብለው የተጨበጠውን እጃቸውን ያዙት።

ዕቃውን በማግስቱ አዘዋወርነው። ኣደይን ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አራት ሰው ሆነን አወጣናቸው፤ አንደኛዋ እኔ ነበርኩ። በረንዳው ላይ ስናስቀምጣቸው ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዙረው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እዚያ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ኖሩ። ሰፈሩ የፈራሁትን ሁሉ አወራ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃቸውን ሳወጣላቸው በየፎቁ ሰው በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ኣደይ ከዚያ ቤት የወረዱት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ከተሸከሟቸው አንዷ ነበርኩ።